ጊታሩ ዝም ያለበት ስምንት ሰከንድ

ለውድ ወንድሜ ለልሙኤል ጋንት፣ ካለህበት ኮፐንሃገን ይድረስህ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው ዓመት ሲያስቸግርህ የነበረው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ቢርጊትስ ደህና ናት? ልጅህ ሶልቫይግ ትምህርቷን ጨረሰች ወይስ አሁንም ሌላ ትምህርት ጀመረች? ስለ እኛ የጠየቅህ እንደሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እኔ ዛሬም ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ የተማሪ አውቶቡሴን እነዳለሁ፤ ከኋላ ወንበር ማስቲካ የሚለጥፍብኝን ጉደኛም ዛሬም አልያዝኩትም። እማዬ በሴፕቴምበር ሰማንያ አራት ዓመቷን ደፈነች። አእምሮዋ እንደ ድሮው ስለት ነው፤ ልቧ ግን ደክሟል። ሐኪሙ ነገሩን ብዙ አለሳልሶ ነገረኝ። እኔ የገባኝ ግን ጸደይን ማየቷን እንጃ የሚል ነው። ይህን ከላይ የጻፍኩት የቀረውን ስታነብ እንዳትረሳው ብዬ ነው።

ጤናህን የጠየቅሁት ከልቤ ነው፤ የሚቀጥለውም ከልቤ ነው፤ ግን አይጣፍጥም። ሥራ ላይ ከሆንክ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ቤትህ ገብተህ፣ ተቀምጠህ አንብበው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ አየር ጠባይ ስንጻጻፍ ኖረናል። አንተ በረዶ ጣለ ትለኛለህ፣ እኔም እዚህም ጥሏል እልሃለሁ። ዛሬ ስለ በረዶ አልጽፍልህም።

ዴዝመንድ ፕሩት ለአባዬ መታሰቢያ ብሎ የሠራው አልበም እንደ ደረሰህ አውቃለሁ፤ ቃልህ እዚያው ላይ ታትሟልና። ልጁን አንተ በስልክ እንጂ በዓይን አታውቀውም፤ እኔ ልንገርህ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ የክሊቭላንድ ልጅ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ እንደ ሙሽራ ጫማ ያብለጨልጫል። የዛሬ ሁለት ዓመት የአባዬን ሸክላ በብብቱ ይዞ በራችን ላይ ቆመና ሆዚያ ጋንት የኖሩበትን ቤት ማየት ብቻ ነው የምፈልገው አለ። እማዬ ማየት ብቻ የሚባል ነገር መቼ ታውቃለች? አስገብታ አስቀመጠችው፣ የኮክ ኬኳን አቀረበችለት፣ እሱም ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ለመጨረስ አላፈረም። በአሥራ አራት ዓመቱ የሸክላውን መርፌ እያነሳ፣ እየመለሰ፣ እንደገና እያነሳ አባዬ የመታትን እያንዳንዷን ድምፅ በጣቱ ተምሯል። አባዬ መሀል ላይ ጉሮሮውን የጠረገበትን ቦታ ሳይቀር ያውቃል። ልጠላው ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እንዲህ አባዬን የወደደ ሰው ከቤታችን ውጭ አይቼ አላውቅም። ከቤታችን ውስጥም ቢሆን ሁሉም አልወደደውም።

አልበሙ ላይ ዘጠኝ ዜማ አለ፣ ሁሉም የአባዬ ነው፤ የመጨረሻው ለእማዬ በስሟ የሠራላት «የአይኔዝ በረንዳ» ነው። ሽፋኑ ላይ የኛ በረንዳና የአባዬ ባዶ ወንበር አለ። ስሙ ደግሞ «ስምንት ሰከንድ» ነው። አባዬ ጊታሩን ብቻውን በሚጫወትበት በሶሎው መሀል ጸጥ ስላለባት፣ ያንተ ድራምም ስላልነካት፣ ቤዙም ብቻውን እንደ ሰው እርምጃ ስለ ተሰማባት ስምንት ሰከንድ ውስጡ ያለው ትንሽ መጽሐፍ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፏል። ጥበብ ይለዋል። ትዕግሥት ይለዋል። አንዱ ጸሐፊማ ጸሎት ነው ብሎታል። አሥራ ሁለቱንም ገጽ መነጽሬን እየወለወልኩ አንብቤ ጨረስኩ፤ ስለ አባዬ እጅ አንድ መስመር የለም።

ከዚያ ወደ አንተ ቃል ደረስኩ። «አባቴ ዝምታን አስተማረኝ። ያቺን ቦታ ባዶ እንድተዋት አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እንዳለኝ አደረግሁ» ብለሃል። ሲጋራ አቁሜ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ያን ቀን ጎረቤት ሄጄ አንድ ለመንኩ።

እማዬ ዓይኗ ስለደከመ አንብቢልኝ አለችኝ። ያንተን ልዘለው አስቤ ነበር፤ እሷ ግን የልሙኤል አለበት ብሎኛል ልጁ አለች። አነበብኩላት። ደግሜ አነበብኩላት፤ ደግሜ እንዳነብ ስላዘዘችኝ ነው። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ስታይ ቆየችና «የአባቱን ቃል አንዲት ሳይስት ይዞታል» አለች። እኔ ያን ጊዜ የሞኝ ምስጋና መስሎኝ በሆዴ እሷንም ተቆጣሁ።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ እመለሳለሁ። ረስቼዋለሁ ካልክ ላስታውስህ፤ አልረሳሁትም ካልክ ደግሞ እኔም እንዳልረሳሁት እወቅ።

ማርች ነበር፣ 1964። ሸክላውን ለመቅዳት ወደ ዲትሮይት የሄድነው በቤዝ ተጫዋቹ በጋሽ ቡን መኪና ነው፤ ቤዙ ጣሪያው ላይ ታስሮ፣ እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የዶሮ ጥብሱን ቅርጫት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ አንተ ከጎኔ። መንገድ ላይ ቆመን የምንበላበት ቤት ሁሉ እኛን ጥቁሮችን ደስ ብሎት እንደማይቀበለን ስለምናውቅ ምሳችንን ይዘን ነበር የምንሄደው። ያን ሰሞን ሙዚቀኛ ሊቀጥር ከኒው ዮርክ የመጣው ሰውዬ ወደ አውሮፓ ይዞህ ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ አባዬን ፈቃድ የጠየቅኸው ሆን ብለህ መኪና ውስጥ ነው፣ በሰው ፊት እንቢ አይለኝም ብለህ። እሱ ወደ ኋላ እንኳን ሳይዞር «አልደረስክም። አንተ የምትሰማው ራስህን ብቻ ነው» አለህ። ጋሽ ቡን መንገዱን አየ። እኔ ቅርጫቱን አየሁ።

ስለ እጁ ሰው አያውቅም ነበር፤ እኛ ቤት ውስጥ እናውቅ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት በሚሠራበት የመስታወት ፋብሪካ አንድ ትልቅ መስታወት ከመደርደሪያው ተንሸራቶ የግራ መዳፉን ከታች እስከ አውራ ጣቱ ድረስ ከፈለው። ሰፉት፣ ዳነ ተባለ፣ ተመልሶ መስታወቱን ማንሳት ጀመረ። ብርድ ሲያገኘው ግን ሦስቱ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ታጥፈው ይቀሩ ነበር። እማዬ በየቀኑ ለብ ያለ የጨው ውሃ በሳህን ታቀርብለታለች፣ እሱም እጁን ነክሮ ጋዜጣውን በአንድ እጁ ያነባል። ለሙዚቀኞቹ እንዳንናገር አስምሎናል። እንጀራው ከፋብሪካው እንጂ ከሙዚቃው ስላልነበረ፣ ከሥራ በኋላ የምትቀርለት ያቺ ሙዚቃ እንዳትወሰድበት ፈራ መሰለኝ።

ስቱዲዮው ቀዝቃዛ ነበር። አባዬ በእያንዳንዱ ዜማ መሀል እጁን ብብቱ ውስጥ ሲወሽቅ አይቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሸክላውን የሚቀዳው ሰውዬ ከክፍሉ መስታወት ጀርባ ብቅ ብሎ የቀረን ጊዜ ለአንድ ዜማ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ። «የአይኔዝ በረንዳ» ተጀመረ። ከዚያ በሶሎው መሀል ጣቶቹ ታጠፉ። አባዬ ራሱን ወደ አንተ አዙሮ አንድ ጊዜ ነቅነቅ አደረገ።

ያቺን ነቅነቅ ማለት በቤታችን ድመቷም ታውቃታለች። አባዬ ገና በማንኪያ ድስት ከምትደበድብበት ጊዜ ጀምሮ ያስተማረህ የመጀመሪያው ነገር እሷ ናት፤ አንድ ሰው መሀል ላይ ከቆመ፣ ክሩ ቢበጠስ፣ ቢያስለው፣ ቢረሳ፣ ድራም የያዘው ሰው ወዲያው ገብቶ ክፍተቱን ይሸፍናል፣ ሰሚው ምንም ሳያውቅ ያልፋል። ሌላ ጊዜ ሳትጠራ ትገባ ነበር። ያን ቀን ግን እያየህ ነበር። እኔ ግድግዳው ሥር፣ ፊት ለፊትህ ነበርኩ። ነቅነቁን አየህ፣ እጁን አየህ፣ አገጭህን ቀና አደረግህ። ከዚያ የምትመታባቸውን ብሩሾች ከድራሙ ላይ አነሳህ። ስምንት ሰከንድ ማለት በሰዓት ስትቆጥረው ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው በልጁ ፊት ሲወድቅ ግን ረጅም ነው። በመጨረሻ አንዷ ጣቱ ተፈታችለት፣ በእሷ ብቻ ገባ። ሰዎች ዛሬ እንባቸውን የሚያፈሱባት ያቺ አንድ ረጅም ድምፅ፣ ከሦስቱ ጣቶች ውስጥ የታዘዘችለት አንዷ ብቻ ስለሆነች ነው አንድ የሆነችው።

ዜማው ሲያልቅ ሰውየው ከመስታወቱ ጀርባ ሮጦ ወጣና ይህ ምንድን ነው አለ። አንተ አፍህን ሳትከፍት አባዬ ቀደመህ። «ልጄ ነው። ባዶ ተወው ብዬው ነበር፣ እንዳልኩት አደረገው» አለ፣ እጁን ኮት ኪሱ ውስጥ ከትቶ። አንተም ራስህን ነቀነቅህ። እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ወጥ ቤት ውስጥ እጁን በጨው ውሃው ነክሮ አገኘሁት። ገና ምንም ሳልናገር «ዲ፣ አንቺ ምንም አላየሽም» አለኝ። ለምን ብዬ አለቀስኩ። ድራም የሚመታ ሰው የገዛ አባቱን ጥሎ ዝም አለ ከተባለ በዚህ አገር ማንም አይቀጥረውም፣ ገና ልጅ ነው፣ ራሱ መጥቶ ይነግረኛል፣ እስከዚያ አፍሽን ያዢልኝ አለኝ። ያዝኩለት። አንተ የማታውቀውን አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ በዚያው ሳምንት ለኒው ዮርኩ ሰውዬ ስልክ ደውሎ ልጄ ደርሷል ያለው እሱ ነው። በሴፕቴምበር ስትሄድ ሸክላው ቀድሞህ ደርሶ ነበር። በዚያ ዝምታ ተቀጠርክ፣ በዚያ ዝምታ ታወቅህ፣ ዝም የሚል ድራመር ብርቅ ነው እየተባለ።

ከዚያ እሱ መጠበቅ ጀመረ። ከካናዳ፣ ከጃፓን ሳይቀር ሰው እየመጣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ስለዚያች ዝምታ ይጠይቀዋል። እኔና ልጄ ተስማምተን ነው ይላቸዋል። እንግዳው ሲሄድ መዳፉን ሲያሽ አየዋለሁ። ፖስተኛው ሲመጣ ከሁላችን ቀድሞ የሚነሳው እሱ ነበር፤ ደብዳቤህንም ከፍቶ ስለ በረዶ ያነባል። አሥራ አምስት ዓመት። የሞተ ጊዜ አበባ ልከሃል። አበባው ጥሩ ነበር፣ ከሁሉም ይበልጥ ትልቁ ያንተ ነበር፤ ካርዱን የጻፈው ግን አበባ ሻጩ ነው፣ የስማችንንም ፊደል አሳስቶታል።

ስለዚህ ዘንድሮ በቃኝ አልኩ። ዴዝመንድ አልበሙ ሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ስለሆነ የምታርሙት፣ የምትጨምሩት ካለ ብሎ ሲጠይቀኝ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ነቅነቁ፣ ስላንተ። ስምህን ከነአያትህ ስም ጻፍኩት። ይህን ገጽ መታሰቢያ ዝግጅቱ በሚደረግበት ቀን በእጁ ልሰጠው ቦርሳዬ ውስጥ አደረግሁት።

ዝግጅቱ ባለፈው ወር መጨረሻ እሑድ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት፣ በሙዚየሙ አዳራሽ። አባዬ ይጫወትበት የነበረው ዶር ጎዳና ላይ ያለው ቤትማ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። እማዬ ነጭ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ስድስት የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ከኋላዋ ተሰልፈው፣ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዴዝመንድ እውነቱን ለመናገር ግሩም አድርጎ ተጫወተ። መጨረሻ ላይ «የአይኔዝ በረንዳ» መጣ። ወደ ሶሎው መሀል ሲደርስ ግራ እጁን ከክሩ ላይ አንስቶ አየር ላይ አቆመው፣ ዓይኑን ጨፈነ። ድራም የያዘችው ልጅ ብሩሾቿን ጉልበቷ ላይ አስተኛች። ቤዙ ብቻውን ቀረ። ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ያዘ። እኔ ጥርሴን ነክሼ የአባዬን ሥቃይ እንደ ቅዱስ ነገር ሲያነሱት አያለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ የሚዘምር ሰው ድምፁ ተቆርጦ መሀል ላይ ሲቆም የሚሆነውን ታስታውሳለህ። አንዷ ጌታ ሆይ እርዳው ትላለች፣ ሌላው አይዞህ ቀስ በል ይላል፣ ሰውየው እስኪቀጥል ድረስ ብቻውን አይተዉትም። በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሀል እማዬ በትሯን ወለሉ ላይ ተክላ ብድግ አለችና «እርዱት እንጂ! አንድ ሰው እንኳን የለም?» አለች።

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ከልማድ አሜን አሉ። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ዴዝመንድ ዓይኑን ሳይከፍት እንባው ወረደ፣ ከዚያ ያችን አንድ ድምፅ መታ። እኔ እማዬን ደግፌ አስቀመጥኳት።

ሲያልቅ ዴዝመንድ ከመድረኩ ወርዶ እጇን ሳመ። የዛሬው ሁሉ ተቀድቷል፣ ድምፅዎን በሁለተኛው ኅትመት መጨረሻ ላይ ላስገባው፣ ይፍቀዱልኝ፣ ለአልበሙ ምርቃት ነው አላት። ምርቃት! ቦርሳዬን ከፈትኩ፣ ገጹን ያዝኩት። እማዬ ግን «ልሙኤልን ጠይቀው» አለችው። እሱም በደስታ የሁላችሁንም ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት እልካለሁ አለ። ገጹን መልሼ ከተትኩት፣ መጀመሪያ እሷን ወደ ቤት ልውሰዳት ብዬ።

መኪና ውስጥ ባርኔጣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ነበር። ገና ብርሃን ነበር። ድሮ አባዬ የሚጫወትበት ቦታ ስንደርስ፣ እማዬ፣ አባዬን ነው አይደል እርዱት ያልሽው አልኳት። ነገሩን እንደምታውቅ ሲገባኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልዋሽህ አልችልም፤ በመጨረሻ ከእኔ ጋር የሚቆጣ ሰው አገኘሁ ብዬ።

«አባትሽን? አባትሽማ እጁ ነው የቆመበት» አለችኝ። «ባሌን አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ እጁ ሲያቆመውና ራሱ ሲያቆም አይጠፋኝም። ሸክላው ቤት የገባ ዕለት ነው ያወቅሁት።»

ታዲያ ማንን ነው አልኳት።

«ልሙኤልን ነዋ» አለች። «እሱንም ከማንኪያው ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ክፍተት አይቶ ዝም የሚል ልጅ አልነበረም። ምን እንደ ያዘው አባትሽ ሳይነግረኝ ሞተ፣ እኔም አልጠየቅሁትም። አባትሽን አንድ ጣቱ ረዳችው። ልጄን ግን ያን ቀን የረዳው የለም።»

መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ፤ ሃያ ዓመት የሰው ልጆች ጭኜ ስነዳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም። ግድግዳው ሥር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ፊትህን ያየሁት እኔ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አገጭህን ቀና ማድረግህን ብቻ ስቆጥርብህ ኖርኩ እንጂ ምን ያዘህ ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁህም። ቁጣ ነበር? ወይስ በዚያች ቅጽበት የአባታችን እጅ በሰው ፊት ሲታጠፍ ስታይ ፈርተህ ደረቅህ? ወይስ መጀመሪያ ተቆጥተህ ኋላ ልትገባ ስትል ረፈደብህ? አላውቅም። እማዬም አታውቅም። አባዬ ለማወቅ አሥራ አምስት ዓመት ጠበቀ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ በዚህ ቤት ውሸት በቂ ተዋሽቷል። አባዬ ላንተ ብሎ ዋሸ፣ አንተ ደግሞ ያንኑ ውሸት ዓይንህን በጨው አጥበህ ስምህን ፈረምክበት፣ እኔ በበኩሌ ሰኞ ዕለት ለዴዝመንድ ደውዬ የማርመው የለኝም አልኩት። ገጹ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ላስፈራራህ አይደለም። ወይም ነው፤ እኔም ለይቼ አላውቀውም።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የዴዝመንድ ወረቀት ይደርስሃል፤ ብትፈርምም ባትፈርምም ያንተ ፈንታ ነው፣ የእኔን ፊርማ ግን የሚያገኘው አንተ ለእማዬ ከጻፍክ በኋላ ነው። ለእኔ አትጻፍልኝ። ለጋዜጣም አትጻፍ። ስለ ዝምታ፣ ስለ ጥበብ እንዳትጽፍላት፤ እሷ ከሁላችሁም በላይ ትሰማለች። ያን ቀን ምን እንደ ያዘህ ብቻ ጻፍላት። ፊደሉን ጎላ አድርገው፤ በማጉያ መነጽሯ ራሷ ታንብበው፣ እኔ አላነብላትም። ቁጣ ከሆነም ቁጣ ነው በላት፤ ከዚህ የባሰ ብዙ ችላለች። ከገና በፊት ይድረስ። መንገድ ላይ ከቆየ የሚቀበለው ሰው ላይኖር ይችላል።

ቢርጊትን ሳምልኝ፤ ባለፈው የላከችው ሹራብ እጅጌው ረዝሞብኛል ግን ይሞቃል፣ አውቶቡስ ውስጥ እለብሰዋለሁ። ለሶልቫይግ አክስትሽ ናፍቃሻለች፣ ፎቶሽ ፍሪጁ ላይ ነው በላት፤ አፍንጫዋ የአባዬ ነው፣ አታስተካክይው በላት። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች በሙሉ በየስማቸው ሰላም ይሉሃል፣ ማን ማን እንደሆኑ ረስተህ ከሆነ አልወቅስህም። ዴዝመንድም ታላቅ አክብሮቱን አድርሺልኝ ብሏል፤ ተቀበለው፣ ወይም ለሚገባው ሰው አስተላልፈው።

እማዬ አሁን ከጎኔ ተቀምጣለች። ከአንቺ ምን ልበልልሽ ብያት ብዙ አሰበች። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው አይደል አለችኝ፤ አዎ አልኳት። አባትሽም ያን ቀን ሃምሳ አምስት ነበር አለች። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አለችኝ፦ «ልጄ፣ እጅህን ብርድ እንዳይመታህ። ከሥራ ስትገባ ለብ ባለ የጨው ውሃ ንከረው።»

እህትህ
አርዴሊያ ጋንት

ቶሌዶ፣ ኦሃዮ
ኖቬምበር 9 ቀን 1996